ጠጠሩን የሚያውቅ ሰሌዳ፦ ኤሌክትሮኒክ ቼዝ ከአሠራሩ እስከ ልምምዱ

ኤሌክትሮኒክ የቼዝ ሰሌዳ በላዩ የሚንቀሳቀሱትን ጠጠሮች ራሱ የሚከታተል ሰሌዳ ነው። ከላይ ሲያዩት ከተራው የእንጨት ሰሌዳ ብዙም አይለይም፤ 64 ቤቶች፣ 32 ጠጠሮች፣ ዳር ዳሩን ፊደልና ቁጥር። ልዩነቱ ያለው ከእንጨቱ ሥር ነው። ተጫዋቹ ፈረሱን ከጂ1 አንሥቶ ኤፍ3 ላይ ሲያሳርፍ ሰሌዳው የቱ ቤት እንደተለቀቀና የቱ እንደተያዘ ያውቃል፤ ያንንም በሽቦ ወይም በብሉቱዝ ወደ ስልክ፣ ወደ ኮምፒውተር ወይም በራሱ ውስጥ ወዳለው ፕሮግራም ያደርሳል። የተጋጣሚው መልስ ሲመጣ ደግሞ በመነሻውና በመድረሻው ቤት ትናንሽ መብራቶች ይበራሉ። ተጫዋቹ የተጋጣሚውን ጠጠር በገዛ እጁ አንሥቶ መብራቱ ወዳመለከተው ቤት ያዛውራል። ተጋጣሚው ማዶ አገር ያለ ሰው ይሁን ፕሮግራም፣ ጨዋታው የሚካሄደው በእጅ በሚዳሰስ ጠጠር ነው።

ብርቱ የቼዝ ፕሮግራም ማግኘት ዛሬ ችግር አይደለም። ስቶክፊሽ የተባለው በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም በተራ ስልክ ላይ ሆኖም የዓለም ሻምፒዮኑን ያሸንፋል። ስለዚህ በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር የሚሸጥ ሰሌዳ የሚገዛው ብርቱ ተጋጣሚ ፍለጋ አይደለም። ቁም ነገሩ ዓይንና እጅ ውድድር በሚካሄድበት ዓይነት ሰሌዳ ላይ እንዲሠለጥኑ፣ የተደረገው እርምጃም ሁሉ ሳይጠፋ እንዲመዘገብ ነው። ይህን ሳይረዳ የገዛ ሰው ውድ መጫወቻ ታቅፎ ይቀራል።

ሐሳቡ ከኤሌክትሪክም ይቀድማል። በ1770 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ቮልፍጋንግ ፎን ኬምፕለን የተባለ የሃንጋሪ ተወላጅ በቪየና ቤተ መንግሥት «ቱርኩ» የተባለውን ቼዝ ተጫዋች ማሽን አሳየ። ነገሩ ማታለያ ነበር፤ ሳጥኑ ውስጥ ሰው ተደብቆ ይጫወታል። ታዲያ ይህ ሰው በጨለማ ሳጥን ተቀምጦ ከላዩ የሚሆነውን እንዴት አወቀ? በየጠጠሩ ሥር ማግኔት ተደርጎ ነበር፤ ጠጠር ያረፈበት ቤት ከሥሩ የተንጠለጠለውን ትንሽ ማግኔት ወደ ላይ ይስባል፣ ጠጠሩ ሲነሣ ይለቀዋል። የተደበቀው ሰው ቀና ብሎ የትኛው እንደተሳበ፣ የትኛው እንደወረደ ያያል። ቱርኩ በ1854 ፊላዴልፊያ ውስጥ በእሳት ጠፋ፤ በማግኔት ቤትን የመለየቱ ዘዴ ግን ዛሬ ገበያ ላይ ባሉ በርካታ ሰሌዳዎች ውስጥ አለ።

ማታለል የሌለበት የመጀመሪያው ማሽን የስፔናዊው መሐንዲስ የሌኦናርዶ ቶሬስ ኬቬዶ ሥራ ነው። በ1912 ሠርቶት በ1914 ፓሪስ ላይ ለሕዝብ አቀረበው። ማሽኑ ነጭ ንጉሥና ግንብ ይይዛል፤ ተጋጣሚው ሰው ጥቁር ንጉሥ ብቻ። የሰውየው ንጉሥ የቆመበትን ቤት በኤሌክትሪክ ንክኪ ይለያል፣ ከዚያ በጊርና በኤሌክትሮማግኔት የተሠራው አንጎሉ መልሱን መርጦ ራሱ ያንቀሳቅሳል። ሰውየው ሕገ ወጥ እርምጃ ቢሞክር አምፖል ይበራበታል፤ ሦስት ጊዜ ከደገመው ማሽኑ መጫወቱን ያቆማል። አካሄዱ አጭሩን መንገድ የተከተለ አልነበረም፤ አንዳንዴ ከ50 እርምጃ በላይ ይወስዳል። ነገር ግን ማቱ አይቀርም። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በልጁ በጎንሳሎ እገዛ የተሠራው ሁለተኛው ማሽን ጠጠሮቹን ከሰሌዳው ሥር ባሉ ማግኔቶች ይጎትት ነበር።

ሰሌዳው ወደ ቤት የገባው ማይክሮፕሮሰሰር ሲረክስ ነው። በ1977 ፊደሊቲ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ቼስ ቻሌንጀር» የተባለውን ለገበያ አቀረበ። ያ ሰሌዳ ምንም አያውቅም ነበር፤ ተጫዋቹ ጠጠሩን ካንቀሳቀሰ በኋላ እርምጃውን በቁልፍ መምታት ነበረበት። በ1979 እርምጃውን በድምፅ የሚናገር ሞዴል ተከተለ፤ ድምፁን የሚያወጣው ቺፕ ቀደም ሲል ለዓይነ ስውራን በተሠራ ተናጋሪ የሒሳብ ማሽን ውስጥ ያገለገለ ነበር። ከዚያ ተጫዋቹ ጠጠሩን በቤቱ ላይ ጫን ሲያደርገው የሚያውቁ ሰሌዳዎች መጡ። ቀጥሎም ጫን ማለት ሳያስፈልግ በማግኔት ብቻ የሚለዩ የእንጨት ሰሌዳዎች ተሠሩ፤ በጀርመን ሜፊስቶ በሚል ስም ይሸጡ የነበሩት በአሠራራቸው ጥራት ዛሬም ይፈለጋሉ።

የዚያን ዘመን ልክ ለማየት የ1985ን ሐምቡርግ ማስታወስ ይበቃል። የ22 ዓመቱ ቼዝ ተጫዋች ጋሪ ካስፓሮቭ በአራት ኩባንያዎች የተሠሩ 32 የቼዝ ኮምፒውተሮች ከተደረደሩበት ጠረጴዛ ፊት እየተዘዋወረ ከአምስት ሰዓት በላይ ተጫወተ። 32ቱንም አሸነፈ። ከ12 ዓመት በኋላ ኒውዮርክ ላይ ዲፕ ብሉ በተባለው ኮምፒውተር ሲሸነፍ ከፊቱ የተቀመጠው ሰው ነበር፤ ከኮምፒውተሩ ሠሪዎች አንዱ በስክሪን ያየውን እርምጃ በእጁ እያንቀሳቀሰ ያጫውት ነበር። ማሽኑ በማሰብ ሰውን ሲበልጥ ጠጠር የሚያነሣለት አሁንም ሰው ነበር።

የውድድር አዳራሽ የአሁኑን መልኩን የያዘው በ1998 ነው፤ ዲጂቲ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ከኤንስኬዴ ከተማ ጠጠር የሚለይ ሰሌዳውን አወጣ። አሠራሩ ረቂቅ ቢሆንም ለማስረዳት አይከብድም። በእያንዳንዱ ጠጠር ሆድ ውስጥ ትንሽ ጥቅል ሽቦና ካፓሲተር አለ፤ ባትሪ የለውም። እያንዳንዱ የክራር ክር በራሱ ቅኝት እንደሚሰማ ሁሉ ነጩ ፈረስ በአንድ ፍሪኩዌንሲ፣ ጥቁሩ ጳጳስ በሌላ እንዲያስተጋቡ ተደርገው ተስተካክለዋል። ከእንጨቱ ሥር የተዘረጉት ሽቦዎች ቤቶቹን በየተራ በሲግናል ይነካካሉ፤ የሚመለሰውን ሲግናል በመለየት «ዲ5 ላይ ያለው ጥቁር ንግሥት ነው» ይላሉ። ሰሌዳው ጠጠር መኖሩን ብቻ ሳይሆን ማንነቱንም ያውቃል ማለት ነው።

በትልልቅ ውድድሮች ሰው በስልኩ የሚከታተለው ቀጥታ ጨዋታ የሚመጣው ከእንዲህ ዓይነት ሰሌዳ ነው። ጨዋታው ሲያልቅ ውጤቱን ለሰሌዳው የሚነግሩት ሁለቱ ንጉሦች ናቸው። ነጭ ካሸነፈ ሁለቱም በመካከል ባሉት ነጭ ቤቶች፣ ኢ4ና ዲ5 ላይ ይቆማሉ፤ ጥቁር ካሸነፈ በጥቁሮቹ፣ ዲ4ና ኢ5 ላይ። አቻ ከሆነ አንዱ በነጭ፣ አንዱ በጥቁር ቤት። ታዲያ አንዳንዴ ፕሮግራሙ ምልክቱን እንደ እርምጃ ይቆጥረዋል። በጨዋታ መዛግብት ውስጥ ንጉሥ ያለ ምንም ምክንያት ወደ መሐል ሰሌዳ ወጥቶ የሚያልቅ ጨዋታ ያገኘ ተማሪ ስውር ሐሳብ ሊፈልግለት አይገባም፤ ያ እርምጃ የጨዋታው አካል አይደለም።

ቀጥታ ሥርጭቱ ሌላ ጣጣም አለው። ጨዋታው በዚያው ቅጽበት ወደ ዓለም ከወጣ ውጭ ያለ ሰው በፕሮግራም መርምሮ ለተጫዋቹ ምልክት ሊልክ ይችላል። በሴፕቴምበር 2022 ሴንት ሉዊስ ላይ ተጫዋቹ ማግነስ ካርልሰን በሃንስ ኒማን ከተሸነፈ በኋላ ውድድሩን ጥሎ ሲወጣ አዘጋጆቹ ሥርጭቱን በ15 ደቂቃ አዘግይተዋል። ሰሌዳው እርምጃውን ወዲያው ያውቃል፤ ተመልካቹ እንዲዘገይ መደረጉ የጨዋታውን ንጽሕና ለመጠበቅ ነው።

ለቤት የሚሸጡት ረከስ ያሉ ሰሌዳዎች ብዙዎቹ የጠጠሩን ማንነት አያውቁም። በየቤቱ ሥር ማግኔት ሲቀርበው የሚዘጋ ሪድ ስዊች ወይም የማግኔቱን ኃይል የሚለካ ሆል ሴንሰር አለ፤ የሚያውቁት «ተይዟል» ወይም «ባዶ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። የቀረው በስሌት ይሞላል። ጨዋታው ከታወቀው አሰላለፍ ስለሚጀምር ኢ2 ባዶ ሆኖ ኢ4 ከተያዘ ወታደሩ መሄዱ ግልጽ ነው። ንግሥት ከዲ1 ወደ ኤች5 ስትንሸራተት በኢ2፣ በኤፍ3 እና በጂ4 ላይ ታልፋለች፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ጠጠሩ እስኪረጋ ትንሽ ይጠብቃል።

ስሌቱ የሚሳሳተው ተጫዋቹ ሥርዓት ሲጥስ ነው። ንጉሥና ግንብ አብረው የሚንቀሳቀሱበትን ካስትሊንግ እንውሰድ። በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በፊዴ ሕግ መጀመሪያ የሚነካው ንጉሥ ነው፤ ሁለቱም የሚንቀሳቀሱት በአንድ እጅ ነው። ግንቡን ከኤች1 ወደ ኤፍ1 ያስቀደመ ሰው እርምጃው የግንብ እርምጃ ሆኖ ሊመዘገብበት ይችላል። በኢንተርኔት ጨዋታ ያ እርምጃ አንዴ ከተላከ አይመለስም። ወታደር መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስም እንዲሁ፣ ሰሌዳው ማግኔት እንጂ ንግሥት ወይም ፈረስ አያይም፤ ብዙ ጊዜ ንግሥት ነው ብሎ ይወስዳል ወይም በስልኩ ላይ ይጠይቃል። ከመጽሐፍ የተወሰደ አሰላለፍ ለማጥናትም ልዩነቱ ይታያል። ጠጠር የሚለየው ሰሌዳ የተደረደረለትን ወዲያው ያነብባል፤ ሌላው ግን መጀመሪያ በስልኩ ላይ እንዲሞላለት ይፈልጋል።

እዚህ ላይ የአገራችን የቼዝ ዓይነት፣ ሰንጠረዥ፣ ቢነሣ ቦታው ነው። በሰንጠረዥ ጨዋታው የሚጀምረው በወረራ ነው፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፍጥነታቸው ያንቀሳቅሳሉ። የዛሬዎቹ ሰሌዳዎች ፕሮግራም በሙሉ የተመሠረተው በተራ ላይ ስለሆነ ወረራን አንዳቸውም አይከተሉም። ሴንሰሩ ግን ይችላል፤ የጎደለው ፕሮግራሙ ነው። እየተረሳ ያለውን ጨዋታ ለማቆየት አንድ ወጣት ፕሮግራመር ሊሠራው የሚገባ ነገር አለ ከተባለ ይህ አንዱ ነው።

ጠጠሩን ራሳቸው የሚያንቀሳቅሱ ሰሌዳዎችም አሉ። ሚልተን ብራድሌይ በ1980ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ሸጧል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የሙምባዩ ኩባንያ ስኩዌር ኦፍ ሐሳቡን አድሶታል። ከሥር ማግኔት የያዘ ክንድ ጠጠሩን ይጎትተዋል። ለእንግዳ ማሳያ ያምራል፤ ለልምምድ ግን ዝግ ያለ ነው፣ የሞተሩም ድምፅ ሐሳብ ይሰርቃል። እጅን ማሠልጠን ለፈለገ ሰው መብራት ያለው ይበቃዋል።

በርካታ ሰሌዳዎች ከኢንተርኔት የቼዝ መድረኮች ጋር ይገናኛሉ። ከነዚህ አንዱ ፈረንሳዊው ቲቦ ዱፕሌሲ በ2010 የጀመረውና ያለ ክፍያ የሚያገለግለው ሊቼስ ነው። ሊቼስ ከማያውቁት ሰው ጋር በሰሌዳ ለመጫወት የሚፈቅደው ፈጣን ለሆኑት ሳይሆን «ራፒድ» ለሚባሉትና ከዚያ ለሚረዝሙ ጨዋታዎች ነው። ለተጠቃሚውም የሚበጀው ይኸው ነው፤ የራሱንና የተጋጣሚውን ጠጠር እያንቀሳቀሰ፣ የተበላውን እያነሣ በ3 ደቂቃ ጨዋታ ሊደርስ አይችልም። 15 ደቂቃ ሆኖ ለእያንዳንዱ እርምጃ 10 ሰከንድ የሚጨመርበት ጨዋታ ለሰሌዳ ይስማማል። አዲስ አበባ ያለ አጎትና ውጭ አገር ያለ የእህቱ ልጅ በዚህ መንገድ ቅዳሜ ከሰዓት ሙሉ ጨዋታ ተጫውተው መጨረስ ይችላሉ። ኢንተርኔቱ ወይም መብራቱ አስተማማኝ ላልሆነበት ሰፈር ደግሞ ባትሪና የራሱ ፕሮግራም ያለው ሰሌዳ ይመረጣል።

ሰሌዳው ተጫዋችን የሚያሻሽልበት መንገድ የሚጀምረው ከዓይን ነው። ሆላንዳዊው ተመራማሪ አድሪያን ደ ግሮት በ1946 ባሳተመው ጥናት፣ ቼይስና ሳይመን የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ በ1973 እንዳሳዩት፣ ብርቱ ተጫዋች አንድን የጨዋታ አሰላለፍ ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ አይቶ አብዛኛውን ከትዝታው መልሶ ይደረድረዋል። ጠጠሮቹ ያለ ትርጉም ከተበተኑ ግን ብልጫው ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ብርቱው ተጫዋች የሚያየው ነጠላ ጠጠር ሳይሆን የተያያዘ ቅርጽ ነውና። በስልክ ላይ ያ ቅርጽ ከላይ የታየ ጠፍጣፋ ሥዕል ነው። በእንጨት ሰሌዳ ላይ ግን ጠጠሮቹ ቁመት አላቸው፤ የቅርቡ የሩቁን ይሸፍናል፤ ከኤ1 እስከ ኤች8 የተዘረጋው ረጅም ሰያፍ ከተቀመጡበት ሲያዩት ያጥራል። በስልክ ብቻ ያደገ ተጫዋች ውድድር ላይ ከሩቅ የቆመ ጳጳስ የሚያመልጠው ለዚህ ነው። መድኃኒቱም ሰዓታትን በእንጨት ሰሌዳ ፊት ማሳለፍ ነው።

እጅም ይማራል። ስልክ ላይ ፈረስ ሲነካ የሚሄድባቸው ቤቶች በነጥብ ይታያሉ፤ ሰው ነካ አድርጎ አይቶ ይተወዋል። ውድድር ላይ የነካኸውን ትጫወታለህ። ስለዚህ በሰሌዳ የሚለማመድ ሰው እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ አስቦ፣ ወስኖ፣ ከዚያ አንሥቶ ማስቀመጥን ልማድ ያደርጋል። እርምጃውንም በወረቀት ይጻፍ። ሰሌዳው ይመዘግብልኛል ብሎ መተው ስህተት ነው፤ በፊዴ ሕግ በረጅም ጨዋታ ተጫዋቹ ራሱ መጻፍ ግዴታው ነው።

ትልቁ ጥቅም ከጨዋታው በኋላ ይመጣል። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ሚካኤል ቦትቪኒክ የገዛ ጨዋታን በጥብቅ መመርመር የማሻሻያ ዋና መንገድ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ለዚህ ሰበብ አያስቀርም፤ ጨዋታው እስከ መጨረሻው እርምጃ ተቀምጧል። ነገር ግን ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ያሻል። መጀመሪያ ፕሮግራሙ ይጥፋ። ጨዋታው በሰሌዳው ላይ ከመነሻው ይደገም፤ ያመነታበት፣ የፈራበት፣ ሳያስብ የተጫወተበት ቦታ ላይ ቆሞ ያኔ ምን አስቦ እንደነበር ይጻፍ። ከዚያ ሌላ እርምጃ ይሞከር፣ ሦስት አራት እርምጃ ወደፊት ይኬድበት። ስቶክፊሽ የሚበራው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ያኔ መልሱ ከተጫዋቹ ሐሳብ ጋር ስለሚጋጭ ወይም ስለሚስማማ ትምህርት ይሆናል። ከመጀመሪያው ካበሩት ግን ቁጥር ከማየት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ፕሮግራም ተወዳዳሪ የማይገኝለት አሠልጣኝ የሚሆነው በጨዋታ መዝጊያ ላይ ነው። ጀማሪ የቶሬስ ኬቬዶን አሰላለፍ፣ ንጉሥና ግንብን በባዶ ንጉሥ ላይ፣ ማት እስኪያደርግ ደጋግሞ ይጫወተው፤ ከ50 እርምጃ ሳያልፍ መጨረስ አለበት፣ ከዚያ ካለፈ ተጋጣሚው አቻ መጠየቅ ይችላል። ቀጥሎ የፊሊዶርን መከላከያ ይደርድር፦ ሁለቱም ግንብ አላቸው፣ አጥቂው አንድ ወታደር ይበልጣል። ተከላካዩ ንጉሡን ከወታደሩ ፊት አድርጎ ግንቡን ከራሱ በኩል ሦስተኛው መስመር ላይ ያቆማል፤ የአጥቂው ንጉሥ እንዳያልፍ። ወታደሩ ወደዚያ መስመር በገባ ጊዜ ግንቡ ወደ ሌላው ዳር ወርዶ ከኋላ ቼክ ማለት ይጀምራል። መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ ይህን ያውቃል። በሙሉ ጉልበቱ ከሚያጠቃ ፕሮግራም ፊት ተቀምጦ 30 እርምጃ የተከላከለ ሰው ግን እጁ ያውቀዋል።

ከመሣሪያው ጎጂ ጎን አንዱ የእርዳታ መብራት ነው። ብዙ ሰሌዳዎች ጠጠር ሲነሣ የሚበጀውን ቤት ያበራሉ። ሕግ ለሚማር ልጅ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ይጠቅመዋል፤ ለሌላው ማሰብን ያስረሳል። ከሰው ጋር በሚደረግ የኢንተርኔት ጨዋታ ማብራት ደግሞ ማጭበርበር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ደካማ እንዲሆን የተደረገ ፕሮግራምም ሁልጊዜ መልካም አጋር አይደለም፤ አሥር እርምጃ በብርቱ ተጫዋች ልክ ተጫውቶ ድንገት ንግሥቱን በነጻ ይሰጣል። ሰው እንዲህ አይሳሳትም። ከተቻለ ሰው ይቅደም።

ገንዘቡ የማይፈቅድለት የትምህርት ቤት ክበብ ራሱ ሊሠራው ይችላል። 64 ሪድ ስዊች፣ አንድ አርዱዊኖ የተባለ ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቦርድ፣ በየጠጠሩ ሥር የሚለጠፍ ትንሽ ማግኔት ይበቃል። ስዊቾቹ በ8 ረድፍና በ8 ዓምድ ስለሚታሰሩ 16 ሽቦ ብቻ ወደ አርዱዊኖው ይገባል። ብዙ ሠሪዎች የሚደናቀፉት አንድ ነገር ላይ ነው፦ ጠጠሮች የአንድ አራት ማዕዘን ሦስት ጥግ ከያዙ ኤሌክትሪኩ በእነሱ ዞሮ አራተኛውም ቤት እንደተያዘ ያስመስላል። ከእያንዳንዱ ስዊች ጋር ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ ከታሰረ ይህ አይከሰትም። ሥራው ኤሌክትሮኒክስም፣ ፕሮግራሚንግም፣ ቼዝም በአንድ ላይ ያስተምራል።

ለሚገዛ ሰው የሚሰጠው ፍርድ እንዲህ ነው። ሕጉን ገና የሚማር ተራ ሰሌዳና ከጎኑ የሚቀመጥ ሰው ይበቃዋል። ረጅም ጨዋታ የሚወድ፣ በሰፈሩ እኩያ ያጣ፣ ለውድድር የሚዘጋጅ ተጫዋች ግን ገንዘቡን አያጣም። አቅሙ ከፈቀደ ጠጠር የሚለየውን ይምረጥ፤ ካልፈቀደም ማግኔት ያለው የእንጨት ሰሌዳ ይሆነዋል፣ ካስትሊንግ ሲያደርግ ንጉሡን ያስቀድም እንጂ። የቤቱ ስፋት ወደ 5 ሳንቲሜትር ተኩል የተጠጋ ከሆነ ከውድድር ሰሌዳ ጋር ይቀራረባል፤ በጣም ትንሽ ሰሌዳ ዓይንን ለሌላ ነገር ያለማምዳል። የቼዝ ክበቦችም አባላት አዋጥተው ቢያንስ አንድ ሰሌዳ ቢገዙ መልካም ነው፤ በየሳምንቱ የአንደኛው ጠረጴዛ ጨዋታ ይመዘገባል፣ ለማስተማሪያም ይቀመጣል።